ጣራው ላይ ሮቶ ያለው ኮስተር

ሐሳቡ የእኔ አልነበረም። ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የነበረኝ ዕቅድ የፈተና ወረቀት አርሜ፣ ውጤት ሞልቼ፣ የተረፈኝን ቀን መተኛት ነበር። ጥፋቱ የኖርዌይ ነው።

ኖርዌይ የምላችሁ አገሯን ሳይሆን ልጅቷን ነው። አዳማ ውስጥ በአንድ ሰፈር ያደግን፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን የተማርን ጓደኛሞች ነን። እሷ በርገን በሚባል ከተማ ነርስ ሆና አሥራ አንድ ዓመት ኖረች፤ ስሟም በዚያው ቀረ። ለገና መጥታ፣ ጥምቀትን እዚሁ አክብራ፣ አንድ ማታ ቡና ስንጠጣ ከእጅ ስልኳ ፎቶግራፍ ታሳየን ጀመር። አራት ሆነው ቤት የሆነ መኪና ተከራይተው አትላንቲክ ውቅያኖስን ዳር ዳሩን ይዘው ሄደዋል። መኪናው ውስጥ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መጸዳጃ ቤት ሳይቀር አለ። የታጠቡበት ውኃ የሚጠራቀምበት ጋን ከሥሩ ተገጥሞለታል፤ ሲሞላ ለዚሁ በተዘጋጀ ቦታ ይደፋል። ከደሴት ወደ ደሴት በስምንት ድልድይ የሚሻገር መንገድ አለ፤ ርዝመቱ ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አንደኛው ድልድይ ተጠማዝዞ ሲወጣ፣ ከሩቅ ላየው ሰው መጨረሻው አየር ላይ የተቆረጠ ይመስላል።

«እኛም እንሂድ» አለች።

«የት?»

«ባሕር ዳር ነዋ!»

«በአውሮፕላን ነው በመኪና?» አለች ካዝና። ካዝና ባንክ ስለምትሠራ ብቻ ሳይሆን የማኅበራችንን ገንዘብ ስለምትይዝም ነው እንዲህ የምንላት። አንድ ሰው የጉዞ ሐሳብ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚታያት የቲኬት ዋጋ ነው።

«ከተማውን አይደለም! የባሕር ዳር መንገድ፣ ውኃው በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላው።»

ባሕር ካጣን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖናል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አልተናገረውም። «ሐይቅ ግን አለን» አልኩ እኔ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብውጣት ኖሮ ወረቀቴን አርሜ እተኛ ነበር። ግን ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ስምጥ ሸለቆ በተነሣ ቁጥር ዝም ማለት አልችልም። ሶፍት ላይ መሥመር አሰመርኩ፦ ቆቃ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ። አንድ መንገድ፣ ስድስት ሐይቅ፣ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ። ኖርዌይ ሶፍቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያኔ ነገሩ ማለቁን አወቅሁ።

መኪናውን ያገኘው ፍሬን ነው። ፍሬን ድሮ የኮስተር ሹፌር ነበር፤ አሁን የመለዋወጫ ሱቅ አለው፤ የሕዝብ ማመላለሻ መንጃ ፈቃዱን ግን ጊዜው ሳያልፍ ያሳድሳል። ስሙ የወጣለት የፍሬን ሸራ ስለሚሸጥ ብቻ አይደለም፤ ሲነዳ ከሩቅ ውሻ ካየ እግሩ ቀድሞ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ከከተማው ጫፍ ጋራዥ ያላቸው አንድ ጋሼን ያውቃል። ጋሼ ጡረታ ስወጣ አገር እዞርበታለሁ ብለው የአንድ አሮጌ ኮስተር ወንበሮችን ነቅለው፣ በቺፑድ አልጋና ቁም ሣጥን ሠርተውለት፣ ጣራው ላይ ፖርቶመጋላው መሐል የ500 ሊትር ሮቶ በገመድ አስረውበታል። ከሮቶው የሚወርድ ቀጭን ቱቦ በመስኮት ገብቶ ከአንዲት የእጅ መታጠቢያ ጋር ይገናኛል። ቧንቧውን ከፍተው አሳዩን። ውኃ ወረደ። እሳቸው የእኛን ፊት አላዩም፤ ውኃውን ነበር የሚያዩት።

ጥግ ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ በር አለ፤ በቀይ ቀለም «መጸዳጃ» ተብሎ ተጽፎበታል። ኖርዌይ ደስ ብሏት ከፈተችው። ውስጡ መጥረጊያ፣ ክሪክና አንድ ጥንድ ቦቲ ጫማ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ይህስ?»

«ለወደፊቱ ነው ልጄ። እስከዚያው አገሩ ሰፊ ነው።»

በቀን 5,000 ብር፣ ናፍጣ በእኛ። መታወቂያና የመያዣ ገንዘብ አስያዝን፣ ዋስ አመጣን፣ ማንኪያና ብርድ ልብስ ቆጥረን ፈረምን። ፍሬን እግረ መንገዱን «ጡረታ የሚወጡት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ከወጣሁ ሰባት ዓመቴ» አሉ፤ ቁልፉንም ሰጡት።

የቀረው የሮቶው ጉዳይ ነበር። 500 ሊትር ውኃ ግማሽ ቶን ነው። ግማሽ ቶን ጣራው ላይ ተሸክሞ የሚጠመዘዝ መኪና ወዴት እንደሚያጋድል ለማወቅ ሹፌር መሆን አያስፈልግም። ተከራክረን እስከ ግማሹ ብቻ ሞላነው። ይህ ደግሞ የባሰ መሆኑን የተረዳነው መንገድ ከገባን በኋላ ነው፤ ሙሉ ውኃ ይቀመጣል፣ ጎደሎ ውኃ ግን ይዋልላል። ፍሬን ፍሬን በያዘ ቁጥር ጣራው ላይ አንድ ነገር ወደፊት ይሄድና «ቧ!» ይላል፤ ከዚያ ያመነታና ይመለሳል። በመጀመሪያው ሰዓት አሳቀን። በሁለተኛው ሰዓት ዝም አልን።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተነሣን፤ አራታችንና ረዳት የሆነው የፍሬን ታናሽ ወንድም፣ ትንሹ። ከአዳማ ወደ ደቡብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሞጆ መመለስ ግድ ነው። የአዳማ ነፋስ እንደ ወትሮው ማልዶ ተነሥቶ ነበርና ኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ክንፎች ሲዞሩ እያየን ወጣን። ሞጆ ላይ «ፈጣኑን ወይስ አሮጌውን መንገድ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ፈጣኑ ግራ ቀኙ የታጠረ ነው፤ ዓሣ ሻጭም ቲማቲም ሻጭም አይቆምበትም። አሮጌውን መረጥን፤ ከፍሬን በቀር።

ቆቃ ላይ ብዙ አልቆየንም። ሐይቁ በ1950ዎቹ መባቻ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ አዋሽ ተገድቦ የተኛ ውኃ መሆኑን፣ እንቦጭ ዳር ዳሩን እንደያዘው ሳስረዳ ዘወር ብል የሚያዳምጠኝ ትንሹ ብቻ ነበር፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኗል።

ከቆቃ አልፈን አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ሊብሬውን አየ፣ ቦሎውን አየ፣ ሮቶውን አየ። ከዚያ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞሮ መጣ።

«ይህ የሕዝብ ነው ወይስ የጭነት?»

«ቤት ነው» አለች ኖርዌይ ከውስጥ።

በሩን ከፍቶ ገባ። አልጋውን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋ። «መጸዳጃ» የሚለውን በር ከፍቶ መጥረጊያውን አይቶ መልሶ ዘጋውና ምንም አልተናገረም። ሲወርድ ለፍሬን «ሰው የሚጭን እንዳይመስልህ፣ መንገድ ላይ እጅ የሚያነሣ ካለ አትቁም» አለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የት ነው ያሠራችሁት?» ሲል ጠየቀ። የጋሼን ጋራዥ ነገርነው።

መቂ ላይ አንድ ሣጥን ቲማቲም ገዛን። ባቱ ስንደርስ ምሳ ሰዓት ነበር። ከተማው ባቱ ከተባለ ቆየ፤ ሐይቁን ግን ደንበልም ዝዋይም ይሉታል። ቆሮሶ ተጠብሶ ከነራሱ መጣልን፤ ከዳጣ ጋር። ዝዋይ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ ጥልቀቱ ዘጠኝ ሜትር ቢሆን ነው፤ ማለትም አንድ ትልቅ ሳህን ላይ እንደተረፈ ሾርባ። አምስት ደሴቶች አሉት። ከሁሉ የሚርቀው ቱሉ ጉዶ ነው፤ ታቦተ ጽዮን ከዮዲት ጉዲት ሸሽታ ሰባ ዓመት ያህል እዚያ እንደቆየች ይተረካል። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ዛዮች ናቸው።

«ሰባ ዓመት ሙሉ!» አለች ካዝና አጥንት እየለቀመች። «እንግዳ መቀበል ያውቁበታል።»

በታንኳ እንሂድ ተባለ፤ ሰዓቱ አልበቃንም። የፀፀተኝ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከቡልቡላ እስከ ላንጋኖ ያለውን አገር በየዓመቱ አስተምራለሁ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። አየሩ ሲደርቅ ውኃው ወደ ጎድጓዳው ሸሸና አራት ሆነ። ስለዚህ እዚያ ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው ሐይቅ ዳር ሳይሆን ሐይቅ ወለል ላይ ነው የሚነዳው፤ ከእግሩ ሥር ያለው ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ሳይቀር ይገኝበታል። ይህን ሁሉ መኪናው ውስጥ ቆሜ፣ እጄን እያወናጨፍኩ አስረድቻለሁ። ኖርዌይ እንኳን «በጣም ደስ ይላል» ብላኛለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ያስተማርኩትን ረስቼ ቁጭ ብያለሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ላንጋኖ በሚወስድ የከብት መንገድ ገባን። አንድ ግቢ ደረስን፤ የእሾህ አጥር፣ ሁለት ጎጆ፣ አንድ ትልቅ ግራር። ከአጥሩ ውጪ ያለው መሬት በከብት ኮቴ ተደልድሎ እንደ ሲሚንቶ ጠንክሯል። ፍሬን ሞተሩን አጠፋ። «እዚህ ነው» አለ።

ኖርዌይ በመስኮት አየች። «አይሆንም፤ ለቤቱ ቀረብን።»

እሷ በኖረችበት አገር ደንብ አለ። ሜዳ ላይ ድንኳን የሚተክል ሰው ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ አለበት፤ ባለቤቶቹ እንዳይረበሹ። ደግ ደንብ ነው፤ ክፋት የለበትም። ወርዳ እርምጃዋን እየቆጠረች ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ሄደች፤ ፍሬን ከኋላዋ በቀስታ ነዳ። መቶ ሠላሳ ላይ ሣሩ አለቀ። መቶ አርባ ላይ አፈሩ ነጣ። እኔ ነጭ አፈሩን አይቼ «የሐይቅ ደለል!» ብዬ ደስ አለኝ። መቶ ሃምሳ ላይ የኋላ ጎማዎቹ እስከ ግማሻቸው ሰመጡ።

ፍሬን ወደፊት ሞከረ፤ ጎማው ቆፈረ። ወደ ኋላ ሞከረ፤ ባሰ። በሦስተኛው ሙከራ ኮስተሩ በግራ ጎኑ ዘመም አለ፤ ከላይ «ጠሽ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ገመዱ ነው። ሮቶው ቀስ ብሎ፣ እንደሚያስብ ሰው ቀስ ብሎ ግማሽ ዙር ዞረና ክዳኑ ተከፍቶ ውኃውን በሙሉ በጣራው መተንፈሻ በኩል አልጋዎቹ ላይ አፈሰሰው። ማንም አልጮኸም። ውኃው ሲያበቃ ጠብታው ብቻ ቀረ፤ ከቺፑዱ ጠርዝ ወደ ወለሉ፣ ጠብ፣ ጠብ። ያን ጊዜ ካዝና፣

«በዚህ ላይ በቀን አምስት ሺህ» አለች።

ጥር ነው፤ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። ፍራሾቹ ስፖንጅ ናቸው፤ ስትጫናቸው እንደ እርጎ ውኃ ይተፋሉ። ጅብ ከሩቅ መጮህ ጀምሯል። እሳት እናንድድ ወይስ ወደ ዋናው መንገድ እንውጣ እያልን ስንጨቃጨቅ ከግቢው በኩል የባትሪ ብርሃን መጣ። ከፊት አንድ አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ከኋላው አንዲት እናት። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላ ይዘው፣ ቀጥ ብለው ነው የሚራመዱት። መኪናውን ዞረው አዩት። በመስኮት አልጋውን፣ ምድጃውን፣ የረጠበውን አዩ። ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግረው ሳቁ። እኔንና ፍሬንን ቋንቋው አያስቸግረንም፤ ሳቃችን ግን መጣ መጣና ተመለሰ።

«ምን አሉ?» አለች ኖርዌይ።

«ቤታችሁን ተሸክማችሁ መጥታችሁ ማደሪያ አጣችሁ? ነው የሚሉት።»

እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። «ቅድም አጥሬ ሥር ቆማችሁ ነበር» አሉ። «እንግዳ መጣ ብዬ ቡና አቀረብኩ። ስወጣ ትታችሁኝ ሄዳችኋል። ውሻዬን ፈርታችሁ ነው?»

ይህን ለኖርዌይ ስተረጉምላት ፊቷ ተለዋወጠ። የመቶ ሃምሳ ሜትሩን ደንብ አስረዳልኝ አለችኝ። አስረዳሁ፤ ሰው እንዳይረበሽ መሆኑንም ጨመርኩ። እናትየዋ በጥሞና አዳመጡኝ። የሚያስቅ አልመሰላቸውም። ትንሽ አሰቡና፣

«ታዲያ ሌሊት ሰው ቢታመም ማን ይሰማዋል?» አሉ።

ቡናው እንደገና ተፈላ። ጭኮ ቀረበልን፤ ገብሱ በቅቤ ርሶ፣ ማንኪያ ሲገባበት የማይሰማ። ወተት በትልቅ ጣሳ መጣ። ካዝና ስኳር ይኖር እንደሆነ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ክርኔን ሰነዘርኩባት። ሴቶቹ ከእናትየዋ ጋር አልጋ ላይ፣ እኛ መሬት ላይ በቁርበትና በጋቢ አደርን። ከእኔ በስተግራ በአጠና ከተከለለ ጥግ አንድ ጥጃ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ተነፈሰ፤ ሞቃትና ሣር ሣር የሚል ትንፋሽ። ኖርዌይ ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ሌሊት ተኝታ እንደማታውቅ ጠዋት ነገረችን፤ እኔ ስለራሴ ያንን ለማለት ጥጃውን ማስፈቀድ ይኖርብኛል።

«አከም ቡልተን» እያሉ የጎረቤት ወንዶች በማለዳ መጡ፤ ወደ ዘጠኝ ይሆናሉ። አንዱ በበሬ እንጎትተው አለ፤ የበሬው ባለቤት ግን «በሬዬ እርሻ እንጂ መኪና አልተማረም» ብሎ እንቢ አለ፤ ትክክል ነበር። ፍሬን የኋላ ጎማዎቹን ንፋስ ቀነሰ፤ ጎማ ሲላላ መሬት ላይ ይሰፋል፣ አይቆፍርም። ክሪኩን ከሥር ሲያስገባ ግን ክሪኩ ራሱ እንደ ቢላ አፈሩ ውስጥ ገባ። ጠፍጣፋ ነገር ያስፈልጋል። ሁላችንም ወደ ውስጥ አየን። ትንሹ ያለ ምንም ንግግር መፍቻ አነሣና «መጸዳጃ» የሚለውን በር ከማጠፊያው ፈታው።

በሩ ላይ ክሪኩ ቆመ። ኮስተሩ ተነሣ። ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይና የደረቀ የግራር ቅርንጫፍ ተጠቀጠቀ። ሁላችንም ከኋላ ሆነን፣ አንድ ሽማግሌ «ሆ!» ሲሉ እኛም «ሆ!» ስንል፣ በአራተኛው ወጣ። ነጭ አቧራ በላያችን ላይ ወረደ፤ ወፍጮ ቤት የዋልን መሰልን።

ካዝና ገንዘብ ልትሰጥ ሞከረች፤ እናትየዋ እጇን መልሰው አጠፉት። ቲማቲሙን፣ ፓስታውንና ስኳሩን ተቀበሉን። እንግዳ ግን ባዶ እጁን አይሸኝም ብለው አንዲት ቀይ ዶሮ እግሯን አስረው ለኖርዌይ ሰጧት። ኖርዌይ ዶሮዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንድ ሕፃን እንዳዋለደች ነርስ ቆመች። በሩን በገመድ አስረን መለስነውና ዶሮዋን መጸዳጃ ቤት አስገባናት። ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተጻፈበት ሥራ ዋለ።

ላንጋኖ ላይ ፍራሾቹን ለፀሐይ ሰጥተን ዋኘን። ቀለሙ ሻይ በወተት ነው፤ የቢልሃርዝያ ስጋት የለበትም የሚባልለት ግን እሱ ነው። አብያታ በዓይን እያየነው የሸሸ ሐይቅ ነው፤ ከቡልቡላ ወንዝ የሚደርሰው ውኃ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ እየተቀዳ ዳሩ ራቀ። ተማሪ ሆኜ ውኃ ያየሁበት ቦታ ላይ አሁን ከብት ይግጣል። ሻላ በተቃራኒው ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ዳሩ ላይ ፍልውኃ ይንተከተካል። ትንሹ ፍልውኃውን አየ፣ ከዚያ ወደ መኪናው አየ፣ «ዶሮዋን ለአፍታ ብንነክራት...» አለ። ኖርዌይ እስከ አርሲ ነገሌ አላነጋገረችውም።

ሐዋሳ ማታ ደረስን። ፍራሹ ገና አልደረቀምና ዓርብ ሌሊት አንድ ፔንሲዮን ሁለት ክፍል ያዝን። ቅዳሜ በማለዳ አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ አጥማጆቹ ከታንኳ ሲያወርዱ አየን። አባ ኮዳዎቹ ኮት ለብሰው ቀጠሮ እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ አንጀት ሲጣል ብቻ ሽምግልናቸው ይጠፋል። ጥሬ ዓሣ በዳጣ የበላነው እኔና ፍሬን ነን። የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣለት ወንዝ የለውም፣ ውኃው ግን እንደ አብያታ ጨዋማ አልሆነም፤ ከሥር የሚያሾልከው ነገር አለ። ይህን ጊዜ ለማንም አላስረዳሁም። ጥፋቴን አስታውሳለሁ።

የዚያን ቀን ማታ ነው በመጨረሻ መኪናችን ውስጥ ያደርነው፤ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ግቢ። ጥበቃው ለማቆሚያ 400 ብር ጠየቀ። «ዶሮዋስ?» አለች ካዝና በምሬት። «ዶሮዋ አትከፍልም» አለ፣ ከልቡ። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሙዚቃ ነበር። የግቢው መብራት በቀጥታ ዓይኔ ውስጥ ነው። ማንም የት እንደመጣን፣ ለምን መኪና ውስጥ እንደምንተኛ አልጠየቀንም። ጠዋት ጦጣዎች በመስኮት ገብተው ዳቦውን ወስደዋል፤ ሳሙናውን ነክሰው ትተውታል። ካዝና ብዕር አውጥታ አሰበች፦ አራት ቀን፣ 20,000 ብር፣ ከሦስት ሌሊት በመኪናው ውስጥ ያደርነው አንዱን። «የአንዲት ሌሊት እንቅልፍ ሃያ ሺህ» አለች። «እሱንም አልተኛሁም።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳማ ገባን። ጋሼ ጋራዡ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይጠብቁን ነበር። ማንኪያ ቆጠሩ፤ ሙሉ ነው። ብርድ ልብስ ቆጠሩ፤ ሙሉ ነው። ፍራሹን አሸተቱና ወደ ሮቶው ቀና አሉ። አዲሱን ገመድ አዩ። ስለ ደለሉ፣ ስለ ጅቡ፣ ስለ ዘጠኙ ሰዎች ስንነግራቸው ፊታቸው ላይ ቁጣ ጠበቅሁ። እሳቸው የሚጠይቁት ሌላ ነበር፤ ሴትየዋ ያሉበት ከዋናው መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በየት በኩል ይታጠፋል? ሲቀበሏችሁ ምን አሉ? ፍሬን ወረቀት ላይ መንገዱን ሣለላቸው። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ ለገመድና ለፍራሽ 1,500 ብር ቀንሰው ከመያዣው የተረፈንን መለሱ። በሩን ሲያዩ ግን ቆሙ። ቀይ ጽሑፉ መሐል የክሪኩ ጥርስ ክብ ክብ ሆኖ ታትሟል። ገመዱን ፈትተው ከፈቱት። ዶሮዋ ቦቲ ጫማው ላይ ተቀምጣለች።

«ይህችስ?»

«ተሳፋሪ ናት» አለ ፍሬን።

ኖርዌይ ዶሮዋን አነሣቻት። ከሥሯ ቦቲው ውስጥ አንድ እንቁላል ነበር፤ መቼ እንደጣለች ማናችንም አላየንም። ኖርዌይ እጇን ስትዘረጋ ጋሼ ቀደሟት። እንቁላሉን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት፣ በእጅጌያቸው ጠረጉት።

«መኪናዬ ውስጥ ነው የተጣለው» አሉና ኪሳቸው ከተቱት።